ጎንበስ ያለችው

ሠዓሊው ሙዘይን ሐይቅ ከተማ፣ ውሃው ዳር ባለው ስቱዲዮው ውስጥ ማጅራቱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ በአቡጄዲ የተሸፈነ ትልቅ ሥዕል ቆሟል። የከተማው ፖሊሶች ረዳቱን ሰዓድን በካቴና ጠፍረው ጉዳዩን ዘግተዋል፤ ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷላ! ሌላ ምን ማሰብ ያስፈልጋል? በምን እንደተጨቃጨቁ ቢጠየቅ ልጁ አፉን ለጎመ። በዚህ አያያዙ ዕድሜ ልክ ይጠብቀዋል።

ኢንስፔክተር ሰርካለም ከደሴ እንደደረሰች ፖሊሶቹን ገላምጣ ገባች። አቡጄዲውን ከጥግ ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ሸፈነችው።

ሥዕሉን ያዘዘው ባለ ሆቴሉ ዝናው ከሚስቱ ከሳምሪ ጋር በር ላይ ቆሟል። ለቅሶ ቤት እንኳ ሽቶ ተርከፍክፎ የሚሄድ፣ ያገኘውን ሁሉ ካላስተማርኩ የሚል ጉረኛ ነው።

«ሥዕሉ ስለምንድን ነው?» አለችው።

«ናርሲስ ይባላል። የግሪክ አፈ ታሪክ ነው፤ እርስዎ ላያውቁት ይችላሉ። ውሃ ላይ የገዛ መልኩን አይቶ በራሱ ፍቅር የወደቀ ጎረምሳ ነው።»

«አይተውታል?»

«ኧረ የት! ሳይጨርስ ለማንም አያሳይም፣ ቁልፉም ከኪሱ አይወጣም። ብቻ እንግዶቼ ያችን ሹሩባዋን ለቃ ጎንበስ ያለችውን ቢያዩ አፋቸውን ይከፍቱ ነበር።»

ሰርካለም ፈገግ አለች። ባልና ሚስቱን አስገባች፤ ሰዓድንም አስመጣች።

«አቶ ዝናው፣ ጎረምሳ ነው ብለውኝ ነበር። ጎንበስ ያለችው ማን ናት?»

«ሥዕሏን ማለቴ ነዋ! እኛ ወሎዬዎች የወደድነውን ሁሉ ‹እሷ› እንላለን።»

«እኔም የውጫሌ ልጅ ነኝ። ቤቷ፣ መኪናዋ፣ ሥዕሏ እንላለን። ሹሩባ የተሠራች ሥዕል ግን አላውቅም!»

አቡጄዲውን ገፈፈችው። ውሃ ዳር ጎንበስ ብላ መልኳን የምታይ ሴት ናት። ዝናው እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ሙዘይን ጎረምሳውን በሴት ለውጦታል። አላየሁም ያልከው ሰውዬ ይህን ከየት አወቅህ?» እርስዎ ማለቱን እዚያው ጣለችው። «የዘይት ቀለም ደግሞ ቶሎ አይደርቅም። ትከሻዋ ላይ ያለው የአውራ ጣት አሻራ ያንተ ነው፤ ልትፍቃት ስትታገል የተውከው። ቀለሙን ለማስለቀቅ ታጥበህ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸተውን እጅህን ከኪስህ አውጣ!»

«ሚስቴን ነው የሳላት!» ብሎ ጮኸ። «ትናንት ሥራውን ልይ ብዬ ስገባ ደረስኩበት። እንዲህ ያለች ቆንጆ በዚህ ከተማ ከሚስቴ ሌላ ማን አለች? ማን ይታገሣል?»

ሳምሪ ወደ ሥዕሉ ተጠጋች።

«ይቺ ነጅዋ ናት» አለች። «የሰዓድ እህት።»

ሰዓድ አቀረቀረ። «ወላሂ፣ ጸጉሯን ሸፍንላት ብዬው ነው የተጨቃጨቅነው። ስሟ በየሰፈሩ እንዳይነሳ ብዬ ዝም አልኩ።»

ካቴናው ከሰዓድ እጅ ወጥቶ ዝናው እጅ ላይ ሲገባ ሳምሪ ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ይህን ሁሉ ዘመን አንድ አልጋ ላይ ተኝተን» አለችው፣ «መልኬን አታውቀውም?»