አንድ ጣት ለመርፌ

«ይኸው ሂሳብሽ!» አለች እናቷ፣ ክቡን ጉርድ ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ። «ደንበኛዬ ስትሞክረው ወገቧ ላይ አልቆም አለ። ፕሮፌሰሯ፣ ለሰው ነው ለበርሜል ያሰብሽው?»

ልጅቷ ቦርሳዋን እንኳ ገና አላወረደችም። ቀኑን ሙሉ ፈተና ሲያንገላታት ውሎ ዝላ ነው የመጣችው። ቢሆንም ትናንት ያሰበችውን አልረሳችም። ጨርቁ አራት ይታጠፍና ከማዕዘኑ ተለክቶ የወገቡ ቀዳዳ ይቆረጣል። ደንበኛዋ ወገቧ ስልሳ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለሁለት ፓይ ሲካፈል ሬዲየሱ አሥራ አንድ ይሆናል። ስህተት የለበትም።

ከቀዳዳው የወጣችውን ክብ ቁራጭ ከመሬት አንስታ አጠፈችና ለካቻት።

«እማዬ፣ አሥራ አንድ ብዬሽ አሥራ ሦስት ቆርጠሻል።»

«አንድ ጣት ለመርፌ፣ ስፌቱ ለሚበላው፣ ጨምሬ ነዋ። መቼ ሳልጨምር ቆርጬ አውቃለሁ?»

«ክብ ላይ እኮ አንዷ ጣት ወገቡን ከስድስት ጣት በላይ ታሰፋዋለች።»

«አንድ ጣት ምንጊዜም አንድ ጣት ነው። አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ሰፍቻለሁ። በቃ፣ አታድርቂኝ።»

ልጅቷ በገነች። በሂሳብ ማንም እንዲህ አጣጥሏት አያውቅም። ወረቀት አውጥታ እያንዳንዷን መስመር እዚያው ፊት ለፊቷ ልትሠራላት ፈለገች። እናቷ ግን ከማለዳ ጀምሮ ከስፌት መኪናው አልተነሳችም፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ወገቧንም በእጇ ደግፋዋለች። የቀረው ጨርቅ ለአንድ ቀሚስ ብቻ ነው፤ ደንበኛዋ ደግሞ ነገ ጠዋት ትመረቅበታለች። ይኼኛውም ከተበላሸ እናቷ ሰው ፊት የምትናገርበት አፍ የላትም።

እናቷ ጨርቁን አራት አጥፋ ጠመኔ አነሳች። «በይ እንደገና አስቢ። አሁን ግን ተጠንቅቀሽ።»

ልጅቷ ወረቀቷ ላይ አሥራ አንድ ብላ ጻፈች። ትንሽ አየችውና ሰረዘችው።

«ዘጠኝ» አለች።

እናቷ ዘጠኝ ለካች፤ አውራ ጣቷን አስጠግታ ከጣቷ ወዲያ ምልክት አደረገችና ቆረጠች። የስፌት መኪናው ሲንኳኳ ቆየ። ሰፍታ ስትጨርስ ሜትሩን በወገቡ ዙሪያ አዞረችው፤ ፊቷም ፈታ አለ።

«አየሽ? ስትጠነቀቂ እኮ ትችያለሽ።»

ልጅቷን ከፋት።

«እሺ እማዬ። አንቺ ጋደም በይ፣ ጠርዙን እኔ እዘመዝመዋለሁ» አለችና ቀሚሱን ተቀበለቻት።