የቀብር ቀን ቀሪዎች

ባጃጁ ከዲላ መናኸሪያ እንደወጣ ሽመክት ዘሎ ገብቶ ከወጣቷ ተሳፋሪ አጠገብ ተቀመጠ።

«ጀንፈል?»

«ነኝ።»

የምስጢር ስሟ ነው። ዱመርሶ ባለው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ትንቢት ትባላለች፤ የሰው ኃይል ሠራተኛ ናት። እውነተኛ ስሟ ሀሴት ነው፤ በዚህ ስም ከተጠራች ሦስት ወር ሆናት።

ከኋላ ሞተር ሰማች። የጣቢያው ጥበቃ፣ አማኑ።

አጎነበሰች።

አለፈ።

ሪፖርቷን የያዘውን ፍላሽ በሶፍት ጠቅልላ ለሽመክት አቀበለችው። የጣቢያው ሠራተኛ አንዳንድ ቀን በአንዴ ሥራ ጥሎ ይወጣል። የኩባንያው ባለቤቶች ባሕር ማዶ ሆነው «አድማ» አሉት። መሪውን ለይታ እንድታሳውቅ በአገናኛቸው በሽመክት በኩል የላኳት እነሱ ናቸው።

«ማን ነው የሚያስነሳቸው?»

«አድማ አይደለም። ጎረቤት ሲሞት እድርተኛው ሊቀብር ይወጣል። የቀሩባቸውን ቀኖች ከእድሩ መዝገብ ጋር አመሳክሬአለሁ። የእናንተ ደንብ ግን የሚፈቅደው ለወላጅና ለትዳር ጓደኛ ብቻ ነው።»

«የእናንተ? ጭራሽ ጌዴኦ ሆነሽ አረፍሽው! ጥሪውን ለሠራተኛው የሚያደርሰው ማነው?»

ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

«ስም የሌለው ሪፖርት አያነቡም። ስም ካለ ጠርተው ያነጋግራሉ፣ ደንቡንም ያሻሽላሉ። ቃሌ ነው።»

ጥሪውን የምታደርሰውን ቡና ለቃሚ፣ ብዙነሽን አሰበች። የሟች እህቷን ሦስት ልጆች በዚህ ሥራ ነው የምታሳድገው። መዝገቡን ያሳየቻትም ራሷ ናት። «አገርሽ ሩቅ ነው፣ ማን ይቀብርሻል?» ብላ እድር ልታስገባት።

ደንቡ ከተሻሻለ ግን ማንም አይባረርም።

የብዙነሽን ስም ነገረችው።

በሦስተኛው ቀን ከባሕር ማዶ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የብዙነሽ የስንብት ደብዳቤ መጣ። የሰው ኃይል በእጅ እንዲያደርስ የሚል ትእዛዝ ነበረው። ለሽመክት ደወለች።

«ቃል ገብተህልኝ ነበር!»

«ሥራሽን ጨርሰሻል። ነገ ጣቢያውን ለቀሽ ውጪ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ብዙነሽ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ቢሮ ገባች።

«አንብቢልኝ፣ ልጄ።»

ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችላት።

«ቀብር ነው ጥፋቴ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ታዲያ የእነሱን ሰው ማን ይቀብራል?»

ሀሴት ደብዳቤውን አጣጥፋ ሰጠቻት። ብዙነሽ ፊቷን አየችና አዘነችላት።

«አንቺ ምን ታደርጊ፣ ታዘሽ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ሀሴት የሐዋሳ ሚኒባስ ያዘች። ወናጎን ሳያልፉ እንባዋ አመለጣት። አጠገቧ ያለችው ሴት ዞር አለች።

«ማን ሞቶብሽ ነው?»

ሴትዮዋ መልስ አልጠበቀችም፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብላ እጇን ያዘቻት። እስከ ሐዋሳ አልለቀቀቻትም።

መናኸሪያው ሲደርሱ ሀሴት እጇን ቀስ ብላ አላቀቀችና ከሰዉ መሀል ገባች።