አንዴ የተመታ ደወል

ማይቴ ሦስተኛ ጊዜ ስታስል ደወሉን መምታት ነው። ሁለቱ ሳል አልፏል። ኖኤሊን ከቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ቁጢጥ ብላ፣ ደወሉ ሳይታሰብ እንዳይጮህ ምላሱን በሁለት ጣቷ ይዛ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ትጠብቃለች። ከሳንቃው ግድግዳ ማዶ፣ በረንዳው ላይ፣ የማይቴ ድምፅ ዝቅ እያለ ሄዷል። ማይቴ ሰው ልታስፈራ ስትል ሁልጊዜ እንደዚያ ናት።

«እጮኛዋ በመርከብ ሄዶ ቀረ» ትላለች ለጎብኚዎቹ። «ኤሊዝ ግን እዚያ አጥሩ ጥግ ላይ ባለችው ማማ ውስጥ ተቀምጣ እስከ ዛሬ መንገድ መንገዱን ታያለች። አሁን ሁላችንም ዝም ካልን…»

ሁሉም ዝም አሉ። ኤሊዝ የምትባል ሴት በዚህ ቤት ኖራ አታውቅም፤ ማይቴ ናት ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ ውስጥ ማስቲካ እያኘከች የፈጠረቻት። ቢሆንም ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጉሙ ከተራራው ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል፣ አሮጌው ጣውላ ማንም ሳይነካው ይንቋቋል፤ እንዲህ ባለ ቀን ማይቴ የፈለገችውን ብትል የማያምናት የለም።

በዚያ ጸጥታ መሃል ከውጭው በር በኩል የሽማግሌ ድምፅ ተሰማ።

«ኤርማንስ!»

ድምፁ የጩኸት አልነበረም። ከዚያው ስፍራ ቆሞ ብዙ ጊዜ የተጣራ ሰው ድምፅ ነበር። ወዲያው ማይቴ አሳለች፤ ኖኤሊንም እጇ ቀደማትና ደወሉን አንዴ መታችው። በረንዳው ላይ አንዲት ሴት ጮኸች። ሌላ ሰው ሳቀ፣ ግን ሳቁ ደስ የሚል አልነበረም።

ጎብኚዎቹ እንደሄዱ ማይቴ እየሮጠች መጣች። «አንቺ ልጅ! ሰውዬውን ከየት አመጣሽው? ፀጉሬ ነው የቆመው!»

«እኔ አላመጣሁም» አለች ኖኤሊን። «ያንቺ ሰው መስሎኝ።»

ተያዩ። ማይቴ ቀድማ ትከሻዋን ነቀነቀችና ማን ቢሆን ምን አገባን፣ በጣም አሪፍ ነበር፣ ነገም ቢመጣ ደስ ይለኛል ብላ ወደ በረንዳው ተመለሰች።

ነገ እሁድ ነው፤ ቅርስ የሚጎበኝበት የሁለት ቀን በዓል የመጨረሻው ቀን። በየዓመቱ በመስከረም የድሮ ቤቶች ለሕዝብ ሲከፈቱ፣ የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ያስጎበኛሉ። እሁድ ጠዋት ከማዘጋጃ ቤት ሦስት ዳኞች ይመጣሉ። የበለጡት ሁለቱ የገናን ዕረፍት ሙሉ አስጎብኚ ይሆናሉ፣ ፎቷቸውም ማዘጋጃ ቤቱ መግቢያ ላይ ይሰቀላል። ማይቴ የምትፈልገው ያንን ፎቶ ነበር። ኖኤሊን የምትፈልገው ማይቴን ነበር። እስካለፈው ሰኔ ድረስ ምሳዋን ብቻዋን ስትበላ ከርማለች። አንድ ቀን ማይቴ «ነይ እዚህ ተቀመጪ» አለቻት፣ ከዚያ ወዲህ ምግቡም ጣዕም አገኘ። እንዲህ ያለችው ጓደኛ «ጓዳ ገብተሽ ደወል ምቺ» ስትል እምቢ ለማለት ጉልበት ይጠይቃል።

መምህራቸው ማዳም ዳሎ ያወጡት ሕግ ሁለት ብቻ ነበር። አንደኛው፣ ወረቀቱ ላይ ካለው ምንም አትጨምሩ። ሁለተኛው፣ የቤቱን ነገር በጥፍራችሁም ቢሆን አትንኩ። ማይቴ የመጀመሪያውን ጥሳለች፣ ኖኤሊን ደግሞ ደወሉን ከኩሽናው ሚስማር ላይ አውርዳ ሁለተኛውን።

ወረቀቱ ሦስት ገጽ ነው። የሞርቪል ቤተሰብ ቤቱን መቼ እንደሠራ፣ የጣሪያው ጠርዝ ላይ እንደ ዳንቴል የተቀረጸው እንጨት በማን እጅ እንደተቀረጸ፣ የሳሎኑ ወለል ከየት አገር በመርከብ እንደመጣ ይናገራል። ቤቱ ከፊት ነጭ ቀለም የተቀባ ሙሽራ ነው፤ ከኋላው ግን ቀለም ነክቶት የማያውቅ ግራጫ ሳንቃ ነው። ኖኤሊን የምትደበቅባትን ክፍል ወረቀቱ የሚያነሳት በሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «የሞግዚት ክፍል»።

ክፍሏ ትቀዘቅዛለች። አንድ የሽቦ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ ሌላ ምንም የላትም። ግን ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ በሹል ነገር የተጫረ ምልክት አለ። ትንንሽ ቁም መስመሮች፣ እያንዳንዳቸው በአግድም የተሰረዙ፣ ረድፍ በረድፍ። ኖኤሊን መቶ ድረስ ቆጥራ ጠፍቶባታል። የመጨረሻው መስመር ብቻ አልተሰረዘም። ለምን እንደሆነ ባታውቅም ለዚያ መስመር ጀርባዋን ሰጥታ መቀመጥ አትወድም ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማይቴ አውቶቡስ እንዳያመልጣት ሮጠች። ኖኤሊን ቆልፋ ስትወጣ ጉሙ ውስጥ፣ ከውጭው በር አጠገብ፣ ነጭ ነገር ቆሞ አየች። ጠጋ ስትል የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ነው። በእጁ ቹቹ የሚባል ትንሽ አረንጓዴ ዱባ የሞላበት ከረጢት ይዟል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እሱ ግን ውጭ ነበር።

እዚህ ላይ አትገረሙ፤ በእኛ መንደር ሰው የሰው ግቢ ዘው ብሎ አይገባም። በሩ ክፍት ቢሆን እንኳ ውጭ ቆሞ ይጣራል፣ ከውስጥ «ግቡ» ካልተባለ ተመልሶ ይሄዳል። ዘው የሚሉት የበዓሉ ጎብኚዎች ናቸው።

«አባባ፣ ተዘግቷል እኮ» አለችው። «ሰው ይፈልጋሉ?»

«መዘጋቱን አይቻለሁ ልጄ። ቆይ ስለተባልኩ ነው።»

«ማን ነው ቆይ ያለዎት?»

በአገጩ ወደ ቤቱ ጀርባ አመለከተ። «ደወሉ።»

ስሙ ታዴ ነው፤ ከላይ ከገደሉ አፋፍ ይኖራል። እናቱ ኤርማንስ የሞርቪል ልጆች ሞግዚት ነበረች፤ እዚያው ታድር ነበር። የራሷን ልጅ አያቱ ናቸው ያሳደጉት። በልጅነቱ እሁድ እሁድ ቹቹ ተሸክሞ ይወርድና ከበሩ ላይ ይጣራል። የሠራተኛ ልጅ ከበሩ ማለፍ አይፈቀድለትም ነበር። «እማዬ» ብሎ መጣራትም እመቤቲቱን አያስደስታትም፤ ስለዚህ እናቱን በስሟ ይጠራል። እሷ ወዲያው ወጥታ መልስ መስጠት ስለማትችል በኩሽናው ደወል ትነግረዋለች። አንዴ ከመታች ቆይ፣ እመጣለሁ ማለት ነው። ሁለቴ ከመታች ዛሬ አልችልም፣ ወደ ቤት ሂድ።

«ሰባት ዓመቴ ነበር» አለ ታዴ። «አንዴ ተመታ። ቆየሁ። እስኪጨልም ቆየሁ፣ አልመጣችም። በማግስቱ ሞታለች ብለው ነገሩን። ልብ ነው አሉ፤ እንጃ።»

«እና አሁን…» አለች ኖኤሊን።

«መሞቷን አውቃለሁ ልጄ፣ አላበድኩም። ግን ተጣራሁ፣ መለሰችልኝ። ምን ላድርግ? ጥያት ልሂድ?»

እኔ ነኝ ማለት የነበረባት ያኔ ነው። አፏን ከፍታ ዝናብ ሊመጣ ነው አለች። ታዴ ባርኔጣ አለኝ ብሎ ፈገግ አለ። መታጠፊያው ላይ ደርሳ ዞር ስትል ነጩ ሸሚዝ አሁንም ጉሙ ውስጥ ቆሟል። በዚያች ምሽት እራቷን ሳትበላ ተኛች። ራሷን ጠላች፤ የሚያሳፍር ነገር ሠርቶ ዝም ማለት ከሠሩት የባሰ እንደሆነ ያኔ ገባት።

እሁድ ጠዋት ዳገቱን እየወጡ ሁሉንም ለማይቴ ነገረቻት። ማይቴ መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ ግን ሰዓቷን አየች።

«በቃ አታካብጂ» አለች። «ዛሬ ከመጣ ሁለቴ ምቺለት። ሂድ ማለት አይደል? ይሄዳል፣ እኛም እናሸንፋለን፣ ማንም አይጎዳም። ከዚያ በኋላ ደወሉን ቅበሪው ካልሺኝ እቀብረዋለሁ። ኖኤሊን፣ እባክሽ። ዛሬ ብቻ።»

ኖኤሊን እሺ አለች። እሺ ማለት ለምዶባታል።

ዳኞቹ በአራት ሰዓት ከማዳም ዳሎ ጋር መጡ። ጉሙ ዛሬ ከሰዓት በኋላን አልጠበቀም፣ ጠዋት ነው የወረደው። ኖኤሊን ከክፍሏ ሆና የማይቴን ድምፅ ትሰማለች፦ የጣሪያው ጠርዝ፣ የሳሎኑ ወለል፣ ከዚያ ኤሊዝ። ማዳም ዳሎ ስለ ኤሊዝ ሲሰሙ ምን ፊት እንዳሳዩ አይታወቅም፤ ዳኞቹ ግን ከወንበራቸው ጠጋ ጠጋ ሲሉ ወለሉ ጮኸ። አንድ ሳል። ሁለት ሳል።

«ኤርማንስ!» አለ ድምፁ ከበሩ።

በረንዳው ጸጥ አለ። ሦስተኛው ሳል መጣ። ኖኤሊን ደወሉን አነሳች። ሁለቴ ብቻ ነው። ሁለቴ መታ መታ ማድረግ፣ እና ሽማግሌው ቹቹውን ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል፣ እናቱ ሂድ አለችኝ እያለ። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ያለው ያልተሰረዘ መስመር ላይ አረፈ፤ ትናንትና ያልገባት ነገር ያኔ ወለል ብሎ ታያት።

ማይቴ አራተኛ ጊዜ አሳለች። ይህ በውላቸው ውስጥ አልነበረም።

ኖኤሊን ተነሳች። ደወሉን እንደያዘች በጓሮው በር ወጥታ፣ ቤቱን ዞራ፣ በረንዳው ላይ ባሉት ሁሉ ፊት አልፋ ወደ ውጭው በር ሄደች። ከኋላዋ ማይቴ ስሟን በሹክሹክታ ስትጠራ ሰማች፤ አልዞረችም። ታዴ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆሟል። መጀመሪያ ያየው እጇ ላይ ያለውን ደወል ነው።

«እኔ ነኝ የምመታው» አለችው። «ትናንትም እኔ ነኝ። ለጨዋታ ነበር። ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ።»

«ትናንት አንቺ ነሽ» አለ ታዴ።

«አዎ።»

«አርብስ? አርብ ማታ በዚህ ሳልፍ የሰማሁት? እሱን ሰምቼ አይደል ትናንት የመጣሁት።»

ኖኤሊን ወደ ቤቱ ዞር ብላ አየች። «አርብ ቤቱ ተቆልፎ ነበር። ማንም አልነበረም።»

ታዴ ራሱን ነቀነቀ። ደወሉን ከእጇ ተቀበላት፤ እንዳይጮህ ምላሱን በጣቶቹ ያዘው። እሷም አንድ ነገር ብቻ ቀርቷት ነበር፤ ቤቱ የእሷ ባይሆንም፣ የሚለው ሌላ ሰው ስላልነበረ አለችው።

«ይግቡ።»

ሽማግሌው ደፉን ሲሻገር እግሩን ከፍ አድርጎ ነው፤ ትንሽ ልጅ ሆኖ ከፍ ያለ የመሰለው ደፍ ዛሬ ከቁርጭምጭሚቱ አይደርስም። በረንዳው አጠገብ ሲደርሱ ማዳም ዳሎ ምን እየሆነ እንደሆነ ጠየቁ። ኖኤሊን አስጎብኚነቷን አልረሳችም። የቀረ ክፍል አለ፣ ወረቀታችን አያውቀውም፣ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው አለች። ዳኞቹ ተያይተው ተከተሉ። ማይቴ ግን በረንዳው ላይ ቀረች፤ ኖኤሊን ስታልፍ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር።

ክፍሏ ሁሉንም አትይዝም፤ ሌሎቹ በር ላይ ቆሙ። ታዴ አልጋውን አየ፣ መስኮቱን አየ፤ ከመስኮቱ የውጭው በር ይታያል። ከዚያ ደወሉን አልጋው ላይ አኑሮ ግድግዳው ጋ ቀረበ። በረድፎቹ ላይ ጣቱን ሳያስነካ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወደ ታች ወረደ፣ እንደገና ሄደ። ስጣራ የምትጭረው፣ አግኝታኝ ስትመለስ የምትሰርዘው መሆን አለበት አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

«ይሄ ሁሉ እኔ ነኝ» አለ።

ጣቱ የመጨረሻው መስመር ጋ ደርሶ ቆመ። በሌላው እጁ ሹል ነገር ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ፤ አንዱን ኪስ፣ ሌላውን። ምንም አላገኘም። ምን እንደሚፈልግ የገባቸው ማዳም ዳሎ «አይነካም» አሉ፣ ግን ድምፃቸው ራሳቸውንም አላሳመናቸውም።

ኖኤሊን ፀጉሯን የያዘላትን የብረት መርፌ ነቅላ ለሽማግሌው ሰጠችው። ፀጉሯ ፊቷ ላይ ወደቀ፤ አልሰበሰበችውም።