ዝቅ ያለው ቆርቆሮ

«ቆይ፣ ቆይ... ይሄ ነገር እዚህ አልነበረም» አለች ዴላ፣ ስልኳን ዝቅ አድርጋ ምሰሶውን በዓይኗ እየለካች።

«ምኑ?» ኢትዘል ብስክሌቷ ላይ እንደተቀመጠች ቺፕስ ትቆረጥማለች። «ፎቶሽን አንስተሽ እንሂድ እንጂ አቦ! አንድ ግንድ ለማንሳት ግማሽ ሰዓት?»

«የሁለት ሺህ አሥራ ሦስቱ ቆርቆሮ። ከሁሉም በላይ ነበር። አሁን እይው፣ አገጬ ጋ ነው።»

መንገዱ አልቆ ወደ ወንዙ በሚንሸራተትበት ቦታ ላይ የቆመው ይህ የወርካ ያህል የወፈረ የእንጨት ምሰሶ የዊሎ ቤንድ ሰፈር ሰዎች የጎርፍ መዝገብ ነው። ወንዙ ሞልቶ በጎደለ ቁጥር፣ ማንም ሰው ግቢውን ከመጥረጉ በፊት፣ በመንገዱ በዕድሜ ትልቁ ሰውና ትንሹ ልጅ አብረው ይወርዳሉ። ትልቁ ሰው ዓመተ ምሕረቱ የተጻፈበትን ቆርቆሮ ጭቃው በደረሰበት ልክ ይይዛል፤ ትንሹ ልጅ ምስማሩን ይመታል። በምሰሶው ወገብ ላይ ደግሞ በመጋዝ የተቆረጠ አንድ መስመር አለ። ከቤቶቹ ሥር፣ ከመሬት በታች ያሉት የምድር ቤት ክፍሎች መስኮቶች ልክ ነው። ከእሱ በታች የቀረ ውሃ ግቢ ያጥባል፣ ከእሱ ያለፈ ውሃ ቤት ይገባል።

ምሰሶው ላይ ካሉት አምስት ቆርቆሮዎች መስመሩን ያለፈው አንድ ብቻ ነበር። እሱን የመታችው ደግሞ ዴላ ራሷ ናት፣ በሦስት ዓመቷ። ለትምህርት ቤቱ ጋዜጣ «ሰፈሬ» በሚል ለምትጽፈው ጽሑፍ ከቤት ያመጣችው ፎቶ ይህንኑ ያሳያል። አባቷ ትከሻ ላይ ተቀምጣ፣ ከራሷ የሚበልጥ መዶሻ ይዛ፣ ከመስመሩ በላይ ተንጠራርታ። አሁን ግን አምስቱም ቆርቆሮዎች ከመስመሩ በታች ተደርድረዋል።

«ምናልባት አድገሽ ይሆናል» አለች ኢትዘል።

«ፋራ! እኔ ባድግ ቆርቆሮው መስመሩን ወደ ታች ያልፋል?»

ኢትዘል ከብስክሌቷ ወርዳ ጣቷን ከፍ አድርጋ እንጨቱን ዳበሰች። ከመስመሩ በላይ፣ ከራሳቸውም በላይ፣ አንድ ትንሽ ቀዳዳ በቡናማ ስቱኮ ተደፍኗል። ጥፍሯን ስታስገባበት ገና ለስላሳ ነበር።

«ኧረ ጉድ ነው» አለች፣ የቺፕሱን ከረጢት ጨምድዳ። «አንድ ሰው ነቅሎታል። ውሃው ቤት መግባቱን የሚደብቅ ቤት ሻጭ ነው። ማን ነው ግን ቤት የሚሸጠው?»

ሁለቱም ዞረው ከመጨረሻው ሁለተኛ ወደሆነው ቤት ተመለከቱ። የሚስ ቬርና ቤት ነው። የሽያጭ ሰሌዳው ከበረዶው ወራት ጀምሮ ቆሞ፣ በአንድ በኩል ዘሟል።

ሚስ ቬርና ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዴላን አይብ ቀብታ ዳቦ እያበላች ያሳደገቻት እሷ ናት። እሷን መጠርጠር የገዛ እጅን እንደመጠርጠር ነው። ግን ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር ይባል የለ? ዴላ ኢትዘልን ሸኝታ በሩን አንኳኳች።

«ግቢ የኔ ማር! ለጽሑፍሽ ነው? ምን ልንገርሽ?» አለች ሚስ ቬርና፣ ጉልበቷን ይዛ ወንበር ላይ እየተቀመጠች።

የምድር ቤቱ በር ክፍት ነበር። ዴላ አንገቷን አስግጋ ወደ ታች ስታይ ደረጃው ላይ ቆማ ቀረች። ግድግዳው ነጭ ተቀብቷል። ወለሉ ላይ ወፍራም ግራጫ ምንጣፍ ተነጥፏል። በዚህ መንገድ ላይ ያደገ ሰው ምድር ቤቱ ወለል ላይ ባዶ ካርቶን እንኳ አያስቀምጥም፤ የገና ጌጡን ሳይቀር ከጣሪያው ላይ ያንጠለጥላል። ምድር ቤቱን ምንጣፍ የሚያለብስ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ሊሸጥ ነው።

«ሚስ ቬርና፣ የሁለት ሺህ አሥራ ሦስቱ ውሃ የት ድረስ ነው የመጣው?»

አሮጊቷ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ጠርጋ ጨርሳም እንደገና ጠረገችው።

«ግቢውን ነክቶ የሄደ ይመስለኛል። ዕድሜ ነው ልጄ፣ ይረሳል።»

ያን ዓመት የሚስ ቬርና የልብስ ስፌት መኪና ከነጠረጴዛው ምድር ቤት ውስጥ ተንሳፍፎ እንደነበር ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሲወራ ኖሯል። እያሳቀች ትተርክ የነበረችውም ራሷ ሚስ ቬርና ናት።

«አዎ፣ ይረሳል» አለች ዴላ፤ ደብተሯን አጥፋ ወጣች።

ብስክሌቷን እየገፋች ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዱ ሌላ መንገድ መሰላት። ጎረቤቶቹ እንደወትሮው እጃቸውን አውለበለቡላት። ይሄኛው ያውቃል? ያቺስ? በየቀኑ ወንዙ ዳር የሚመላለስ ሰው ሁሉ ምሰሶውን ያያል። ታዲያ እንዴት አንድ ሰው እንኳ ምንም አላለም? ትናንት ማታ የጽሑፏ መጀመሪያ አድርጋ የጻፈችው ዓረፍተ ነገር ትዝ አላት። «በእኛ ሰፈር ሰው ሁሉ ይተዋወቃል።» አሳፈራት።

ብስክሌቷን ለማስገባት ጋራዡን ስትከፍት አባቷ ዱዌን የጀልባ ሞተር ፈቶ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። ከኋላው ያለው መደርደሪያ ላይ፣ ከመዶሻው አጠገብ፣ ክዳኑ በደንብ ያልተገጠመ የቡናማ ስቱኮ ጣሳ ተቀምጧል።

ዴላ ጣሳውን አየች። አባቷም ማየቷን አየ።

«አንተ ነህ?»

«በሩን ዝጊው።»

«አባ፣ አንተ ነህ?»

ዱዌን ጨርቁን ሞተሩ ላይ ጣለው። «ቤቱ ለሽያጭ ከቀረበ ስምንት ወር ሆነው፣ ዴላ። ሴትዮዋ ደረጃ መውጣት አቅቷት ሳሎን ነው የምትተኛው። ልጇ ዱሉት ከተማ ሆኖ ይጠብቃታል። የሚመጣው ሰው ሁሉ ቤቱን ይወደውና፣ ወንዙን ልይ ብሎ ወርዶ ያንን ቆርቆሮ ሲያይ እብስ ይላል። ምን ላድርግ? ወድቃ እስክትሰበር ልያት?»

«እሷ ጠይቃህ ነው?»

«አልጠየቀችኝም። አየችኝ። ምንም አላለችም።»

«የሚገዙትስ?»

«ምድር ቤቱ የውሃ መሳቢያ ሞተር አለው፣ ውሃው ሲመጣ ይመጥጣል። ደግሞም አሥር ዓመት አልፎታል፤ ላይመለስ ይችላል።»

ሲናገር ዓይኗን አላያትም። ዴላ አባቷን ስታውቀው እንዲህ ዓይኑን ሰብሮ አያውቅም፤ ከውሸቱ ይልቅ ያመማት እሱ ነው።

«ምስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ» አለችው።

«ሦስት ዓመትሽ ነበር። እጅሽን የያዝኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ድምፁን ለስለስ አደረገ። «ጽሑፍሽ ላይ አታንሺው። ቅዳሜ ሰዎች ይመጣሉ። ካልተናገርሽ አልዋሸሽም፣ አይደል?»

ዴላ ሌሊቱን ሙሉ መልስ ስትፈልግ አደረች። ብትናገር ሚስ ቬርና በዚያ ጉልበቷ ሌላ ክረምት ልትቀመጥ ነው፤ አባቷም በሰፈሩ ፊት አጭበርባሪ ሊባል ነው። ዝም ብትልስ? የሚጎዱት ገዢዎቹ ናቸው። ማንነታቸውን ለማታውቃቸው ሰዎች ስትል አባቷን ማዋረድ ምን የሚሉት ጽድቅ ነው? እንዲህ ብላ ራሷን አሳመነችና ፎቶውን ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ቤቱን ሊያዩ የመጡ ባልና ሚስት የጫነ ሰማያዊ መኪና መጣ። ባልየው ከደላላው ጋር ሜትር ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ሚስቱ የስድስት ወር ያህል ሕፃን ደረቷ ላይ ታቅፋ ወደ ወንዙ ወረደች። ዴላ ምሰሶው አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ጽሑፏን ትፍቅ ትጽፍ ነበር። አባቷ ከመንገዱ ማዶ ሣር ያጭዳል። ያንኑ አንድ ቦታ ሲመላለስበት ሦስተኛ ጊዜው ነው።

«እዚህ ነው ቤታችሁ?» አለች ሴትዮዋ። «ታድላችሁ! እንዴት ያለ ጸጥታ ነው። እኛ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባቡሩ ራሳችን ላይ እያለፈ ነው የምንተኛው።»

«እዚህ ያን ያህል ድምፅ የለም» አለች ዴላ።

«ምድር ቤቱን በፎቶ አየሁት። ምንጣፉ ደስ ሲል! የእሱን አልጋ እዚያ ነው የምናደርገው። ቀዝቀዝ ይላል፣ ጨለም ይላል፣ ይተኛልኛል።» የሕፃኑን እግር ይዛ እያወዛወዘች ምሰሶውን ቀና ብላ አየች። «ደላላው ነግሮናል። ይቺ መስመር የመስኮቱ ልክ ናት አይደል? ሁሉም ከሥሯ ናቸው። ገብቶ አያውቅም ማለት ነው።»

ሕፃኑ ወደሚያብለጨልጨው የሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ቆርቆሮ እጁን ዘረጋ። ሴትዮዋ ጠጋ አደረገችው፤ እሱም በአምስት ጣቱ ቁጥሩን ደበደበው።

ዴላ ምድር ቤቱ ታያት። ግራጫው ምንጣፍ፣ ከመስኮቱ ሥር ትንሽ አልጋ። የተንሳፈፈው የልብስ ስፌት መኪና ታያት። ወንዙ ሲመጣ አይጮህም፤ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ይህን የመንገዱ ልጅ ሁሉ ያውቃል።

«በመንገዱ ትንሽ የሆነው ልጅ ነው የሚመታው» አለች ዴላ። «ቆርቆሮውን። እዚህ ከገባችሁ ቀጣዩ የእሱ ተራ ነው።»

«ኧረ! እንዴት ደስ የሚል ልማድ ነው!» ሴትዮዋ ሳቀች። «ይሄኛውን ማን መታው ታዲያ?»

ዴላ ብድግ ብላ ደብተሯን ገለጠች። ፎቶውን አወጣችና ሕፃኑ እንዳይነጥቃት ከፍ አድርጋ ያዘችላት።

«ይቺ እኔ ነኝ» አለች። «ያለሁት አባቴ ትከሻ ላይ ነው።»

ሴትዮዋ ፎቶውን አየች። ምሰሶውን አየች። እንደገና ፎቶውን አየች። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ፤ ሕፃኑንም ከቆርቆሮው መለስ አድርጋ ወደ ደረቷ አጥብቃ ያዘችው።

ከመንገዱ ማዶ የሣር ማጨጃው ድምፅ ቆመ። ዴላ አልዞረችም። ክንዷ እየዛለ፣ ሴትዮዋ አይታ እስክትጨርስ ፎቶውን እንደያዘች ቆየች።