የማያልቀው ረድፍ

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁትንና በጣቴ የቆጠርኩትን ብቻ ነው የምነግራችሁ።

ካሻን ከተማ። የበጋው ሙቀት የበረታበት ወር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ገበያው ተዘግቶ ሰፈሩ ሁሉ ተኝቷል።

እኔና ታላቅ እህቴ ቱራን ግን ሥራ ላይ ነበርን። ያረጁ ምንጣፎችን እንጠግናለን። እኔ ቀለም እጠራለሁ፣ እሷ ትቋጥራለች።

"ሁለት ቀይ፣ አንድ ሰማያዊ" እላለሁ።

"ቋጠርኩ" ትላለች።

የተጀመረ ረድፍ ሳያልቅ ከመቀመጫ አይነሱም። እናታችን ረድፍ አቋርጣ ስትነሳ አይተን አናውቅም።

የዚያን ቀን የተወጠረው ምንጣፍ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ጥንታዊ ምንጣፍ የሚሰበስብ የቴህራን ሰው ነው የላከልን። ግራ ጎኑ ላይ ስንዝር የሚያክል ቀዳዳ አለ።

ብል የበላው አይደለም... ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። አንድ ሰው በቢላ ቆርጦ አውጥቶታል።

ሁለቱ ጎኖች አንድ ዓይነት ስለሆኑ፣ የጎደለውን ከቀኝ ጎኑ እያየሁ ነበር የምጠራው።

ጠዋት ስንጀምር ቀዳዳውን ለክቼዋለሁ። ከታች እስከ ላይ ሃያ ሁለት ሳንቲ ሜትር። እስከ ስምንት ሰዓት ሠላሳ ረድፍ ሠራን። ቢያንስ ስድስት ሳንቲ ሜትር መሙላት ነበረበት። እንደገና ለካሁ።

ሃያ ሁለት።

"እትዬ፣ ቀዳዳው አልጠበበም።"

"ሜትርሽ ነው ያረጀው፣ መህሪ። እንዳንቺ" ብላ ሳቀች።

አዲስ ረድፍ ጀመርን። ትንሽ እንደሄድን... ሳልጠራ መለሰች።

"ቋጠርኩ።"

"ገና አልጠራሁም እኮ።"

"ጠራሽ እንጂ። ሦስት ቢጫ አልሽ።"

ቀኝ ጎኑን አየሁ። ቀጣዩ በእርግጥም ሦስት ቢጫ ነው።

አፌን በእጄ ያዝኩ።

"ቋጠርኩ"... "ቋጠርኩ"... "ቋጠርኩ"...

ጣቶቿ እየፈጠኑ ሄዱ። የቀዳዳው አንድ ረድፍ ሰማንያ አራት ቋጠሮ ነው። መቁጠር ጀመርኩ። ሰማንያ አራት አለፈ። ዘጠና... መቶ አሥር...

ረድፉ አያልቅም። ረድፉ ካላለቀ ደግሞ እህቴ አትነሳም።

"እትዬ፣ ተነሺ" አልኩ በሹክሹክታ።

"ረድፍ ላይ ነኝ።"

"ተይው። እለምንሻለሁ።"

"ከኋላ ያለችውን ቀስ በዪ በያት" አለች። "አልደረስኩባትም።"

ከምንጣፉ ኋላ ግድግዳ ነው ያለው። የምንጣፉ መወጠሪያ እንጨት ከግድግዳው አንድ ጣት እንኳ አይርቅም።

አመልካች ጣቷ ደምቷል። የያዘችው ክር ቀጥ ብሎ ተወጥሯል። ወደ ቀዳዳው ውስጥ... ከወዲያ በኩል ሰው እንደሚስበው።

መቀሱን አንስቼ ክሩን ቆረጥኩት።

የተቆረጠው ጫፍ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ገባ።

እህቴን በብብቷ ይዤ ግቢ አወጣኋት። በሩን ቆልፌ ከጥላው ሥር አስቀመጥኳት። ፊቷ ደህና ነው። ትንፋሿም ደህና ነው። ደረስኩላት አልኩ በልቤ።

ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ድምፅ አልወጣትም።

"መህሪ... ውሃ" አለኝ የእህቴ ድምፅ።

ከተቆለፈው ክፍል ውስጥ።

ብርጭቆ ሞልቼ አፏ ላይ ያዝኩላት። እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ጉሮሮዋን ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት። አንዴም አልተንቀሳቀሰም።

ከበሩ ወዲያ ውሃ ሲዋጥ ሰማሁ።

አንድ ጉንጭ... ደግሞ አንድ ጉንጭ...