ማዳበሪያው በጀልባ

የሺ ዘፋኙን አምሳሉን አግብታ ሦስት ልጆች ወልዳለታለች፤ እሱ ግን አያውቅም። የሰርጉ ቀን፣ የልጆቹ ስም፣ ሐይቅ ዳር የሚሠሩት ቤት ሳይቀር በደብተር ተጽፎ ፍራሿ ሥር ተቀምጧል። ከጋዜጣ የቆረጠችው ፎቶው ሽፋኑ ላይ ተለጥፏል። እናቷ ወይዘሮ ብርሃነሽ ሁለት ነገር ይጸልዩ ነበር፤ ልጃቸው መንግሥት ቤት እንድትገባ፣ የዚያ ጎፈሬያም ድምፅ ደግሞ እንዲዘጋ።

ማትሪክ የወደቀች ልጅ በዚያ በደርግ ዘመን ሀዋሳ ውስጥ ያላት ምርጫ ባል ወይም ታይፕ ነበር። የሺ ታይፑን መረጠች። ባሉም ቢሆን ሩቅ አልነበረም፤ ዲላ ያለ አንድ ባለሱቅ ሽማግሌ ልኮ መልስ እየጠበቀ ነው። «የታይፕ ቅጥር ፈተናውን ካለፍሽ ይቅር፣ ከወደቅሽ ግን ዲላ» ብለው እናቷ ቆርጠዋል።

የጋሽ ከበደ ታይፕ ማስተማሪያ ስምንት የጽሕፈት መኪና ነበረው፤ ስድስቱ ይሠራሉ፣ ሁለቱ ያስላሉ። የሚያስሉትን የሚያክመው ኩማ የሚባል፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የቡሹሎ መንደር ልጅ ነው። ጣቶቹ በሪባን ቀለም ጠቁረው ይውላሉ። ሲናገር ቀስ ይላል፣ ሲስቅ ግን ይፈጥናል። ቤተሰቡ በር ዘግተው የሚዘምሩ ጴንጤዎች ናቸው ይባላል። ወይዘሮ ብርሃነሽ አንድ ቀን በር ላይ አይተውት «እጁም ሃይማኖቱም አልጠራኝም» አሉ፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

አንድ ከሰዓት ኩማ የየሺን መኪና ሊያይ ጎንበስ አለ።

«የዚህች ‹አ› ለምን ለብቻዋ ተበላች?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ሐኪሙ አንተ።»

ወረቀቱን ከመኪናው ላይ ሳብ አድርጎ አየው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የአምሳሉ ስምና ዘፈን ነው። ሦስት ወር ሙሉ የተለማመደችው በዚያ ብቻ ነበር። «የማዶዋ ልጅ ነይልኝ በጀልባ» የሚለውንማ ዓይኗን ጨፍና ትመታዋለች፤ ጋሽ ከበደ ፍጥነቷን እንጂ ወረቀቷን አይተው አያውቁም።

«ጣትሽ የሚያውቀው አንድ መንገድ ነው» አለ ኩማ። «ወደ ገበያ ቢልኩት ዘፈን ቤት ነው የሚገባው።»

«ቀናህ እንዴ?»

ኩማ የጠበቀውን ብሎን እንደገና አጠበቀ።

የፈተናው ቀን የተሰጣት የእርሻ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነበር፤ ማዳበሪያ፣ ኩንታል፣ የገበሬ ማኅበር። የሺ እነዚህን ቃላት በጣቷ ነክታቸው አታውቅም። እየተደናበረች ሰዓቱ ሲያልቅባት ጣቷን ለቀቀችው፤ ጣቷም ወደሚያውቀው ሄደ። ፈታኟ ወይዘሮ ሸዋዬ ወረቀቱን አንስተው አሥራ ሁለት ተፈታኝ ፊት አነበቡት፤ «ለመኸሩ የተላከው አምስት መቶ ኩንታል ማዳበሪያ ነይልኝ በጀልባ።» ከዚያ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ማዳበሪያው የሚመጣው በሐይቁ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። በማግስቱ ከፒያሳ እስከ አሞራ ገደል ያልሳቀ አልነበረም።

ድጋሚ ፈተና ከወር በኋላ ይሰጣል ተባለ፤ የዲላውም ነገር እስከዚያ ቆየ። የሺ አላለቀሰችም። ደብተሩን ከፍራሿ ሥር አውጥታ የልጆቿን ስም እያየች «እናንተ ደግሞ ቀስ ብላችሁ ትወለዳላችሁ» አለችና ሳጥን ውስጥ ቆለፈችው።

ኩማ በማግስቱ አንድ እቅፍ ወረቀት ይዞ መጣ፤ መኪና በሚጠግንባቸው መሥሪያ ቤቶች ተበላሽተው የተጣሉ ደብዳቤዎች ናቸው። ሌሎቹ ተማሪዎች ሲወጡ እሱ ያነባል፣ እሷ ትመታለች። ስለ ጠፋ አካፋ። ከሥራ ስለቀረ ዘበኛ። ስለ ሽንት ቤት ቁፋሮ። ይኼኛውን ሲያነብላት ድምፁ እንደዚያ ለስልሶ ስለነበር የሺ እጇን ከቁልፎቹ አንስታ አየችው። እሱም አያት። ሽንት ቤቱ ሳይቆፈር ቀረ።

በአራተኛው ሳምንት ከተማው በማስታወቂያ ተሞላ። አምሳሉ ከኪነት ቡድኑ ጋር ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ሀዋሳ ይዘፍናል። የሺ የምትፈተነውም ቅዳሜ፣ በስምንት ሰዓት ነው።

ዓርብ ስትመጣ መኪናዋ ላይ፣ ወረቀት በሚገባበት፣ የመግቢያ ትኬት ተሰክቶ አገኘች። ኩማ ጀርባውን ሰጥቷት መፍቻ ይወለውላል።

«ሂጂ» አለ ሳይዞር። «ልብሽ እዚያ ሆኖ እጅሽ እዚህ ምን ይሠራል? እኔ ከእሱ ጋር ታግዬ አልችልም።»

«ማን ታገል አለህ?» የሺ ትኬቱን ነጠቀችው። «እሱስ አያውቀኝም፣ አይፈረድበትም። አንተ አውቀኸኝ ነው እንደማታውቀኝ የሆንከው። ሰውዬ፣ እሱን ከጀርባዬ ያወረድኩት አንተን ልሸከም መሰለህ? ፈተናው የእሱም አይደለም፣ ያንተም አይደለም፤ የእኔ ነው።»

ኩማ መፍቻዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ። የሺ ያን ቀን ያለ አንባቢ ብቻዋን እስኪመሽ መታች። ትኬቱን እቤት ወስዳ ለእናቷ ሰጠቻቸው፤ ከንቱ እንዳይቀር ይሂዱበት አለቻቸው። ወይዘሮ ብርሃነሽ እዚያማ እግሬ አይረግጥም ብለው ከማሉ በኋላ ነጠላቸውን አጠቡ።

ቅዳሜ፣ ፈተናው እኩል ሲደርስ፣ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በመስኮቱ ሥር አለፈ። «ነይልኝ በጀልባ፣ ነይልኝ» እያለ። የየሺ ጣቶች ወደሚያውቁት መንገድ ዞር አሉ። ወይዘሮ ሸዋዬም በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩዋት።

«አልመጣም» አለች የሺ በሹክሹክታ። ማዳበሪያውንም ኩንታል በኩንታል እስከ መጨረሻው አራገፈችው።

ማታ እናቷ ከሷ ዘግይተው ገቡ። ነጠላቸውን አጣጠፉ። ድስቱን ሲከፍቱም «ነይልኝ በጀልባ» እያሉ ሲያንጎራጉሩ ሰማቻቸው።

የሺ አለፈች። ኩማ ግን ከዚያ ዓርብ ወዲህ ጋሽ ከበደ ዘንድ ድርሽ አላለም፤ ጋሽ ከበደም የሚያስሉት መኪናዎች አራት ደረሱ ብለው ነገሯት። ቢሮ ገብታ የመጀመሪያ ደመወዟን በተቀበለች ማግስት ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ አንድ ወረቀት አስገባች።

«ለጓድ ኩማ
ቡሹሎ

ጉዳዩ፦ በአካል መገኘትን ይመለከታል

እርስዎ ከሥራ ገበታዎ ያለ ፈቃድ ከቀሩ አንድ ወር ያለፈ መሆኑ ይታወቃል። ይህ ጽሕፈት ቤት እርስዎን የሚወድ መሆኑን እየገለጸ፣ ነይልኝ መባል ስለሰለቸው ጀልባውን በራሱ ደመወዝ ተከራይቷል። ስለዚህ በመጪው ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ሐይቅ ዳር እርስዎ እንዲመጡ ያሳስባል።

ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር
የሺ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ብርሃነሽ
እንዲያውቁት»

ዋናውን ወደ ቡሹሎ ልካ ግልባጩን በእናቷ ትራስ ላይ ትታ ተኛች። ይቆጣሉ፣ ዲላን ያነሳሉ ብላ ለሁሉም መልስ አዘጋጅታ ነበር።

ጠዋት ወረቀቱ ጫማዋ ላይ ተቀምጧል። ዳር ላይ፣ አለቆች በሚፈርሙበት ቦታ፣ እናቷ በመሠረተ ትምህርት የተማሩት ድክ ድክ የሚል ፊደል ተጽፎበታል።

«ታይቷል። እጁን ታጥቦ ይምጣ።»