ወረቀቱ «ደህና ነው» ይላል

ይሄን የምጽፍላችሁ እንቅልፍ ልነሳችሁ ብዬ አይደለም። የሆነ ነገር ነው። በእኔው እጅ የሆነ።

ጨለማ አትጠብቁ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሃያ ነበር፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ሠራተኛው ሁሉ ምሳ ወጥቷል...

ቦታው የአውቶቡስ ጋራዥ ነው። እኔ የዘይት ምርመራ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ከየሞተሩ የተቀዳ ያገለገለ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ይመጣልኛል። መመርመሪያ መሣሪያው ውስጥ ሳስገባው ስንት ብረት፣ ስንት መዳብ፣ ስንት እርሳስ እንዳለበት በቁጥር ይነግረኛል። ብረቱ ከበዛ ሞተሩ እየተበላ ነው ማለት ነው። ካልበዛ የውጤቱ ወረቀት ላይ «ደህና ነው» ብዬ እፈርማለሁ።

መሣሪያው ከመምጣቱ በፊት የሞተር ሕመም የሚያውቁት ጋሽ ጆሮ ነበሩ። ስማቸው አይደለም፤ ጋራዡ ያወጣላቸው ነው። የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግነው ያዳምጣሉ። መሣሪያው ሲመጣ ሰው ሳቀባቸው።

እኔም ስቄባቸዋለሁ።

አሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስን የሚነዳው ታላቅ ወንድሜ ነበር። በየሳምንቱ ዘይቷን እመረምራለሁ። መጀመሪያ ብረቱ ሃያ ሁለት አለ። ጥሩ ነው።

በሳምንቱ አሥራ አምስት።

ከዚያ ዘጠኝ...

ከዚያ አራት።

ዘይቱ ሳይቀየር ቁጥሩ ሊቀንስ አይገባም። ሞተር እስከሠራ ድረስ ጥቂትም ቢሆን ይበላል፤ የተበላውም እየተጠራቀመ ነው የሚሄደው። ወንድሜን ጠየቅኩት።

«አዲስ ዘይት እየጨመርክባት ነው እንዴ?»

«ጠብታ አልጨመርኩም። ምነው ዶክተሯ፣ በሽተኛዬ ዳነች?» አለና ሳቀብኝ።

እኔም ደስ አለኝ። አስቡት... ደስ አለኝ።

እና ያን ቀን፣ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ጋሽ ጆሮ ክፍሌ በር ላይ ቆሙ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ልጄ፣ ነይ እስቲ።»

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ዝም ብለሽ ነይ።»

አሥራ አራት ቁጥር በቆርቆሮው ጣሪያ ጥላ ሥር ቆማለች። ካቻቪቴውን ሰጡኝ። በሕይወቴ ይዤው አላውቅም። ጆሮዬን እጀታው ላይ ጣል አደረግኩ።

ጠቅ...

ጠቅ...

ጠቅ...

«ይሰማሻል?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ብረት ሲቀዘቅዝ ይንጣጣል ጋሼ። አሁን ነው መሰለኝ ያጠፉት።»

«ከትናንት ወዲህ አልተነሳችም።»

ሞተሩን በእጄ ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው።

ጠቅ...

ካቻቪቴው ከእጄ ወደቀ።

«ዛሬ እንዳትወጣ» አሉኝ። «ፊልትሮው ይፈታና ይቀደድ፣ ውስጡን በዓይናችን እንየው። ልጄ በሞቴ።»

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይሄን ስጽፍ ራሴን እየረገምኩ ነው። የእኔ መሣሪያ የሚያየው ከዱቄት የላመውን ብረት ብቻ ነው። ተቆርሶ የወደቀውን አያይም። ትልልቁ ስባሪ ወይ ጠርሙሱ ሥር ይዘቅጣል፣ ወይ ዘይቱን የሚያጣራው ፊልትሮ ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ሞተር ቀስ እያለ ሲሞረድ ቁጥሩ ያሳብቅበታል። ውስጥ ለውስጥ ተሰንጥቆ ባንዴ የሚፈርሰውን ግን ወረቀቱ አያውቀውም።

ይሄን ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ መጥቶልኝ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

የጋራዡ ኃላፊ ከምሳ ተመለሰ። ጋሽ ጆሮን ዞር ብሎም አላያቸው።

«ወረቀቱ ምን ይላል?» አለኝ።

«አላውቅም» ብል ይበቃ ነበር። አንድ ቃል። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ መሣሪያው አይሳሳትም እያልኩ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። በእሳቸው እንደተሳቀው በእኔም ሊሳቅ ነው...

«ደህና ነው ይላል» አልኩ።

ፈረምኩ።

ጋሽ ጆሮ ካቻቪቴያቸውን ከመሬት አንስተው ጠረጉና ኪሳቸው ከተቱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወንድሜ ስምንት ሰዓት ላይ ወጣ። በክፍሌ በኩል ሲያልፍ ጥሩምባ ነፋልኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ቢየላው፣ ተሰብሮ የሞተሩን ጎን በስቶ ወጣ። ዘይቱ የጋለው ጭስ ማውጫ ላይ ተረጨና ተቀጣጠለ። አውቶቡሷን እንደምንም ዳር አስያዛት። ተሳፋሪውን አንድ በአንድ አወረደ።

እሱ አልወረደም።

በአምስተኛው ቀን ኃላፊው ጠርሙስ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። ከተቃጠለው ሞተር ሥር የተረፈች ዘይት ናት።

«ለሪፖርቱ ነው» አለኝ። ዓይኔን አላየም።

መረመርኩት።

ብረት... ዜሮ።

መዳብ... ዜሮ።

እርሳስ... ዜሮ።

የሞተሩ ስባሪ በጆንያ ተሞልቶ ደጅ ተቀምጧል። ወረቀቱ ግን አሁንም «ደህና ነው» ይላል። አለቀስኩ። ከዚያ በሩን ከውስጥ ቆልፌ፣ ከጆንያው አጠገብ የነበረውን ፊልትሮ በመጋዝ ቀደድኩት። ጋሽ ጆሮ ከለመኑኝ ከአምስት ቀን በኋላ።

ውጪው በእሳቱ ጠቁሯል። ውስጡ አልተነካም።

የፊልትሮውን ማጣሪያ ወረቀት ከቆርቆሮው አውጥቼ፣ እጥፋቱን እየፈታሁ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ስባሪው ሞልቶታል። ምስር የሚያህል፣ ባቄላ የሚያህል... ያለ መሣሪያ፣ ያለ መነጽር፣ ማንም ሰው የሚያየው ብረት።

መጀመሪያ ያየሁት ያንን ብቻ ነው።

ከዚያ ወደኋላ አልኩና አየሁት።

ስባሪው ዝም ብሎ አልተበተነም። ቅርጽ ይዟል።

የሰው መዳፍ ነው። አምስቱም ጣቶች ተዘርግተው፣ አውቶቡስ ፊት ቆሞ «ቁም!» እንደሚል ሰው።

ፊልትሮ ከፋብሪካ ታሽጎ ነው የሚመጣው። እጅ አይገባበትም። ወረቀቱ ደግሞ መቶ ቦታ ታጥፎ ነበር፤ መዳፉ ግን የትም ቦታ አልተቆረጠም።

ቀኝ እጄን አነሳሁ። የፈረምኩበትን እጅ። ቀስ ብዬ አስቀመጥኩበት...

ወረቀቱ ሞቃት ነበር።

መዳፉም በእኔው እጅ ልክ ነው።